ከክለቡ ጋር ተለያየ

ስድስት ዓመት ያህል ሐዋሳ ላይ በኤፍ ኤም ሬዲዮ የስፖርት ዜና አንብቤያለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፌ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «ክለቡ ከዋና አሰልጣኙ ጋር በስምምነት ተለያይቷል።» ስትነበብ አራት ሰከንድ ብትፈጅ ነው። ከሷ ቀጥሎ የቀለም ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ።

ባለፈው ዓመት እኔም ከቀጣሪዬ ጋር ተለያየሁ። ስምምነቱ የቱ ጋ እንደነበር ግን እስካሁን አልገባኝም።

ከመነሻው ልጀምር። የሬዲዮው ሥራ ቅጥር አልነበረም። የኤፍ ኤም ስፖርት ፕሮግራም በምን እንደሚኖር ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ አዘጋጆቹ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛሉ። ከዚያ ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራሉ። ከተገኘ ይበላል። ካልተገኘ የአየር ሰዓቱ ዕዳ ይሆናል። እኛ ሦስት ነበርን። ጠዋት ስለ ሚሊዮን ፓውንድ ዝውውር እናወራለን፤ ከሰዓት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆመን የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እንለምናለን። አንዳንዱ በገንዘብ ፈንታ የምሳ ኩፖን ይሰጠናል። አንድ ወር ሙሉ ክትፎ እየበላን የቤት ኪራይ ያጣንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለሐዋሳና አካባቢው የስፖርት ዘጋቢ እንደሚፈልግ ስሰማ አላመነታሁም። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ለእማዬ ስነግራት «ደሞዝ አለው?» አለችኝ።

«አለው።»

«ጡረታስ?»

«እሱም አለው። ከኔ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ እነሱ 11 በመቶ ይጨምሩበታል።»

እልል አለች። ለጡረታው እልል የተባለለት የ31 ዓመት ጎረምሳ በሰፈራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ውሉ አራት ገጽ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሠራተኛው ለ60 የሥራ ቀናት በሙከራ ላይ ይቆያል» ይላል። አየሁት። ፈረምኩ። ሰው ውል ሊፈርም ሲቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው ደሞዙ ላይ ነው።

አሁን ሳስበው «ሙከራ» የምትለዋን ቃል ከኔ በላይ ሊያውቃት የሚገባ ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ክለቦች ዝግጅት ሲጀምሩ፣ ሜዳው ዳር ጫማቸውን በፌስታል ያንጠለጠሉ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከአርባ ምንጭ ይመጣሉ፤ ከሶዶ፣ ከዲላ፣ ከይርጋለም። ስትጠይቃቸው «ሙከራ ነኝ» ይሉሃል። መናኸሪያ አካባቢ አንድ አልጋ ለሦስት ይከራያሉ። አሰልጣኙ ስማቸውን አያውቅም። «አንተ ቀዩ፣ ወደ መስመር ውጣ!» «ረጅሙ፣ ተመለስ!» ይላል። በሦስተኛው ቀን ቀዩ የለም። የት ገባ የሚል ሰውም የለም። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ዜና አይሆንማ። ዜና የሚሆነው የፈረመው ነው።

የጋዜጣው ሥራ ደስ ይል ነበር። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ቢሮ ነበረን። አንድ ጠረጴዛ። ከማስታወቂያ ሠራተኛዋ ጋር በተራ የምንጠቀምበት አንድ ኮምፒውተር። የውስጥ ገጽ ቢሆንም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ የምለው ገጽ ነበረኝ።

ለሳምንታዊ ጋዜጣ ስፖርት መጻፍ ከሬዲዮ በጣም ይለያል። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ። ክለቦቹም አንድ ከተማ ላይ እየተሰበሰቡ መጫወት ያዙ፤ ሐዋሳም ተራዋ ሲደርስ ታስተናግዳለች። እንግዲህ እሁድ የገባውን ጎል ሐሙስ በሚወጣ ጋዜጣ ላይ «በ67ኛው ደቂቃ ከመረብ አሳረፈ» ብትል ማን ያነብልሃል? አንባቢው ጎሉን ካፌ ተቀምጦ አይቶታል። ድጋሚውንም አይቶታል። ቴሌግራም ላይ ተሰዳድቦበታል። ስለዚህ ካሜራው የማያየውን መፈለግ ነበረብኝ። ደሞዝ ያልተከፈለው ተከላካይ። ጉልበቱን ተጎድቶ የሚያሳክመው ያጣ በረኛ። የሴቶቹ ቡድን ለምን ሁልጊዜ በጠራራ ፀሐይ እንደሚለማመድ።

ይህን ሥራ ወደድኩት። ለዚህ ከተማ ኳስ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋሳ ከተማ የሊጉን ዋንጫ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሲያነሳ ልጅ ነበርኩ። አዳነ ግርማም ሽመልስ በቀለም ከዚህ የወጡ ናቸው። በጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ በረኛዋ በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ስትጫወት፣ አዳነ ዛምቢያ ላይ አገባ። እኔ አረብ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ አለቀሰ። ያን ቀን ነው ስፖርት ጋዜጠኛ ለመሆን የወሰንኩት ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ያን ጊዜ የማስበው ባንክ ስለመቀጠር ነበር።

ጥፋት አልነበረብኝም አልልም። በሦስተኛው ሳምንት የአንድ ጎል ባለቤት አሳሳትኩ። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ሞክሼ ልጆች አሉ፤ የአባት ስም ሳላጣራ ላክሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ወጣ፣ ከመስቀለኛ ቃላቱ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል። ልጁ ደውሎ «ጎሌን ሰጠህብኝ» አለኝ እየሳቀ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጽሑፍ አዘግይቻለሁ። አንዱ መብራት ጠፍቶ ነው። ሌላው ስንፍና ነው።

ከዚያ ደግሞ ያ ጽሑፍ አለ። የአንድ ክለብ ተጫዋቾች ለወራት ደሞዝ አላገኙም የሚል። ሰነዱን በዓይኔ አይቻለሁ። የክለቡን ኃላፊ አናግሬ መልሱንም አስገብቻለሁ። ከወጣ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬ አላረፈም። በ13ኛው ቀን ተሰናበትኩ። ሁለቱ ይገናኛሉ? ማስረጃ የለኝም። ማስረጃ የሌለውን አልጽፍም ስል ኖሬያለሁ፤ ነገሩ የራሴ ስለሆነ ብቻ ሕጌን አልቀይርም። ማታ ማታ ግን አስባለሁ። ማሰብ አይከለከልም።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው ዋና አዘጋጁ የደወለው። «ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት እዚህ ብቅ ብትል?» አለኝ። ድምፁ ለስለስ ብሏል። የማስታወቂያ ሠራተኛዋ «ቋሚ ሊያደርጉህ ነው! ለኔም እንደዚሁ ነው የደወሉልኝ» አለች። አመንኳት። ማታ ሸሚዝ ገዛሁ። እማዬ ለመንገዴ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለችኝ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ነበርኩ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሻሸመኔን በጨለማ አለፍናት። ዝዋይ ላይ ነጋ። አዲሱ ሸሚዝ እንዳይጨማደድ ጀርባዬን ከወንበሩ ሳላስደግፍ ነው የሄድኩት። ይህቺን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ዋና አዘጋጁና የሰው ኃይል ኃላፊዋ አሉ። ሻይ ታዘዘልኝ። ቢሮ ውስጥ ሳትጠይቅ ሻይ ከታዘዘልህ ጠርጥር።

«እንደምታውቀው የሙከራ ጊዜ ላይ ነህ» አለ።

«አዎ።»

«ማኔጅመንቱ ተነጋግሮ፣ በቃ፣ አብረን መቀጠል እንደማንችል ወስኗል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አጠፋህ ማለት አይደለም። ብቁ ሆኖ አለመገኘት ነው የሚባለው። ቃሉ ነው እንጂ...»

ቃሉ ነው እንጂ ምን? አልጨረሰውም። ኃላፊዋ ደብዳቤውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። አንድ አንቀጽ ናት። በሙከራ ጊዜዎ ለሥራው ተስማሚ ሆነው ስላልተገኙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውልዎ የተቋረጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ወደፊት መልካም የሥራ ዘመን እንዲሆንልዎ እንመኛለን። በዚያ ጋዜጣ ቆይታዬ ዋና አዘጋጁ «ስማ» ይለኛል፣ ዘበኛው «አንተ ልጅ» ይለኛል። አንቱ የተባልኩት ስሰናበት ነው።

ስወጣ ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። 9 ደቂቃ። ባክኗል ተብሎ የሚጨመር ሰዓት እንኳ ከዚህ ይበልጣል አንዳንዴ።

ክሊራንሱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ። አምስት ፊርማ ያስፈልገዋል። ቅጹ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ቦታ አለ። ጋዜጣው ቤተ መጻሕፍት የለውም። ቢሆንም «ምንም ዕዳ የለበትም» ብሎ የሚፈርምልኝ ሰው ተገኘ። አንቱ ተብዬ፣ ዕዳ የለበትም ተብዬ የወጣሁበት ቀን ነው ብዬ ራሴን ላስቅ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

በዚያው ቀን ተመለስኩ። መቂ ላይ መኪናው ሲቆም ሌላው ተሳፋሪ ሽንኩርት ሲገዛ እኔም አምስት ኪሎ ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ አላውቅም። ባዶ እጄን ላለመግባት ይሆናል። ደብዳቤውን አጥፌ ከሽንኩርቱ ሥር ከተትኩት።

ለእማዬ አልነገርኳትም። «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ነበር» አልኳት። ሐሙስ ጠዋት እንደ ሥራ ሰው ለብሼ ወጣሁ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ሄድኩ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን ሲልጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው አንጀት ሲጠብቁ እያየሁ ዋልኩ። አባ ኮዳ ስታየው አንድ የተሰናበተ ሹም ይመስላል፤ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ የሚጣልለትን ይጠብቃል። ያን ቀን ከማንም በላይ እነሱን ነበር የተረዳሁት።

ከሰዓት አዟሪው ጋዜጣውን ይዞ መጣ። ገለጥኩት። ጽሑፌ አለ። ሰኞ የላክኋት፣ ስሜም ከነአባቴ። ብቁ ሆኖ ያልተገኘው ሰው ሙሉ ግማሽ ገጽ ይዟል። አንድ ፊደል አልነኩባትም። ሁለት ጊዜ አነበብኳትና ዓሣ ጠቀለልኩባት።

አርብም ሄድኩ። ቅዳሜም። ሰኞ ማታ እማዬ ጫማዬን አንስታ አየችው። «ቢሮ የሚውል ሰው ጫማ ላይ የዓሣ ቅርፊት ምን ይሠራል?» አለች።

ነገርኳት። ዝም አለች። ቡናውን ካወረደች በኋላ ነው የተናገረችው። «ጡረታውስ?»

ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ልጅ አለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉ፣ ስታስወጣ ሥራ ካጡት አንዷ ነበረች። በኋላ ሌላ ሼድ ገባች። ወሬውን ስትሰማ አላዘነችልኝም፤ አዛኝ ጠግቤ ስለነበር ደስ አለኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ስንተኛ ቀንህ ነበር?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ? እኛ እኮ ግድግዳ ላይ እያሰመርን ነው የምንቆጥረው። 60ው ካለፈ ነው ሰው የምትሆነው።»

አፈርኩ። እኔ እኮ መቁጠር ነው ሥራዬ። ማን ስንት የማዕዘን ምት መታ፣ ማን ስንት ቢጫ አየ፣ የትኛው ቡድን ከሜዳው ውጪ ስንት ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆየ፤ ይህን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ የነበረበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፎ 3 ነጥብ ሲነጠቅ ፌዴሬሽኑን ያልተሳደበ ሰው አልነበረም። እኔም «ሁለት ድረስ መቁጠር አቃታቸው!» ብዬ ፌስቡክ ላይ ጽፌያለሁ። ይኸው እኔ ደግሞ 60 ድረስ መቁጠር አቃተኝ።

ቀን መቁጠሪያ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰኞ እስከ አርብ ከተቆጠረ 53 ቀን። ቢሮው የቆጠረው እንዲህ ነው፤ ሰባት ቀን ሲቀረኝ ደረሱብኝ። ግን ቆይ። ኳስ መቼ ነው የሚጫወቱት? ቅዳሜና እሁድም ይጫወታሉ። በመካከሉ ካሉት 20 ቅዳሜና እሁዶች 17ቱን ሜዳ ነበርኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀን በቀን አለ። 53 እና 17፣ 70። በኔ ሒሳብ ከሙከራ ከወጣሁ ቆይቻለሁ ማለት ነው!

ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የነበረች ጠበቃ ጓደኛዬ ጋ ሮጥኩ። አስረዳችኝ። በድሮው ሕግ ሙከራ 45 ቀን ነበር፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው 60 የሥራ ቀናት ያደረገው። ሙከራው በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተስማሚ ሆነህ ካልተገኘህ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ያሰናብቱሃል። አንተም ካልመሰለህ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥለህ ትሄዳለህ። እኩል ነው ማለት ነው፣ በወረቀት። ጊዜው አልፎ ሥራውን ከቀጠልክ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደተቀጠርክ ይቆጠራል።

«ታዲያ አልፌያለሁ!» አልኳት።

«ቅዳሜና እሁድ እንድትሠራ ያዘዘህ ደብዳቤ አለ?»

«ጨዋታው እሁድ ነው! ምን ትእዛዝ ያስፈልገዋል?»

«እሱን ለችሎቱ ንገረው» አለች። ከዚያ ዘና ብላ «ክርክር አለው እኮ፤ አሪፍ ክርክር ነው። ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት ግን ሦስት ወር ነው ያለህ። ትከሳለህ?» አለችኝ።

አልከሰስኩም። ምክንያቴን ብዙ ጊዜ አሳምሬ አውርቻለሁ፤ የሚዲያው ዓለም ጠባብ ነው፣ ከሳሽ የተባለን ሰው ማን ይቀጥራል ምናምን። እውነቱ ግን ይሉኝታ ነው። አንድ ሰው ፊት ቆሜ «ብቁ ነኝ» ብዬ መከራከር ከበደኝ። ተሳስቻለሁ ባይ ነኝ። ገንዘቡን ባላገኝ እንኳ ዳኛው «ለምን?» ብሎ ይጠይቅልኝ ነበር። የፋብሪካዋ ልጅ ብትሆን ትከስ ነበር፤ ግድግዳዋን ይዛ። ሦስቱ ወር ያለቀበትን ቀን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ቆጥሬ ነበር።

በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል የነበረበት ሒሳቤ በአራተኛው ሳምንት ገባ። ግማሹ ለሸሚዙ ብድር ሄደ፤ ቀሪው ለእማዬ።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በሳቸው ምክንያት ነው።

አሞራ ገደል መዋሌን አልተውኩም ነበር። አንድ ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከበስተኋላዬ «ጋዜጠኛው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኮች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ክለብ ሲሰናበቱ ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ተገናኝተን አናውቅም።

«አንተም ተለያየህ አሉ» አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ቁጭ በል አሉኝ፤ ሾርባና ጥብስ አዘዙ፤ ዳጣው እንዲበዛ ተናገሩ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው አወሩኝ።

«ልምምድ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ኮን እየደረደርኩ። ባለቤቴ ወጥ እየሠራች ሬዲዮ ከፍታለች። ደወለችልኝ። ‹አንተ፣ ከክለቡ ተለያይተሃል እንዴ?› አለችኝ። ‹ኧረ ሜዳ ላይ ነኝ› አልኳት። ‹ሬዲዮው ተለያይቷል አለ እኮ!› አለች። ኮኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጆቹ ያዩኛል። ዘጠኙን ደርድሬያለሁ፣ አንዱ እጄ ላይ ነው። አስቀምጠው ወይስ ልተወው?»

«እና?» አልኳቸው።

«አስቀመጥኩት። ልምምዱን አሠርቼ ጨረስኩ። ደብዳቤው የደረሰኝ ማታ ነው።»

ሾርባው መጣ። እኔ ማንኪያውን አላነሳሁም። ዜናውን የነገረን የክለቡ ሰው ነበር፤ በስልክ፣ ልንገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረን። ሌላ ጣቢያ እንዳይቀድመን ቸኩለን ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«በስምምነት ነው ብዬ አንብቤ ነበር ኮች» አልኳቸው።

«አዎ፣ በኋላ ፈርሜያለሁ። ውሌ ሰባት ወር ይቀረው ነበር። ካባረሩኝ ለቀረው ጊዜ ልከራከራቸው ነው። ስለዚህ ‹በስምምነት› የሚል ወረቀት አመጡ። ያልተከፈለኝ የሁለት ወር ደሞዝ ነበረኝ። ካልፈረምኩ እሱም ይጓተታል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ተስማማሁ።» ሎሚ ጨመቁበት። «ቃሏ ትክክል ናት። አልዋሸህም። ብላ እንጂ፣ ሲቀዘቅዝ ይሸታል።»

በላሁ። ስለ ሌላ ሌላው አወራን። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። «አንተ ገና የሙከራ ተጫዋች ነህ» አሉኝ።

ካለፈው ሳምንት አርብ ጀምሮ አንድ የታችኛው ሊግ ክለብ አሰልጣኙን አሰናበተ የሚል ወሬ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። የሬዲዮ ጓደኞቼም ሰምተዋል፤ «ቀድመን እናንብበው?» ብለው ደወሉልኝ። ቆዩ አልኳቸው። የአሰልጣኙን ቁጥር ከድሮ ደብተሬ ፈልጌ አገኘሁ። መጀመሪያ አላነሳም። ሁለተኛም። ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል አነሳ፤ ከጀርባው የልጆች ጫጫታና ፊሽካ ይሰማል።

«ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኩት። «የስፖርት ጋዜጠኛ ነኝ» አልኩት።

«ከየትኛው ሚዲያ?»

ምን ልበል? ፊሽካው እንደገና ተነፋ።

«ከሐዋሳ» አልኩት።